ከእሪታ በፊት ሒሳብ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ፍላጎቱ ብዙ፥ ገንዘቡ ግን ጥቂት ነው። ይህም ለመንግሥት፥ ለእድርና ለአንዲት እናት ጓዳ እኩል የሚሠራ እውነት ነው። ታዲያ ጥቂቱ ገንዘብ ለብዙው ጉዳይ እንዴት ይዳረስ? በዚህ ነገር ያለኝን አሳብ ለውድ አንባቢዎች ለማቅረብ እወዳለሁ።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚገኘው እሪ በከንቱ ይህን ስም ያገኘው፥ በቀድሞ ዘመን በዚያ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ ደራሽ ስላልነበረው ነው ይባላል። በየስብሰባው ገንዘብ ሲደለደል የማየውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ድምፁ የበረታው ይወስዳል፤ የጸጥተኛው እሪታ ግን በከንቱ ይቀራል። እኔ የምለው ከጩኸት በፊት ሒሳብ ይቅደም ነው።

ኤክሴል በተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ ሶልቨር የሚሉት መሣሪያ አለ። የሚጠይቀን ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ምን እንዲበዛ ወይም እንዲያንስ እንደምንፈልግ፥ የትኞቹ ቁጥሮች ሊለዋወጡ እንደሚችሉ፥ የማይታለፉት ወሰኖችም ምን ምን እንደ ሆኑ ነው።

ለምሳሌ አንድ የተማሪዎች ክበብ ችግረኛ ጓደኞቹን ለመርዳት 12,000 ብር ሰበሰበ እንበል። የአንድ ተማሪ ደብተር 400 ብር፥ አንድ ጥንድ ጫማ 800 ብር ቢሆንና ለያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ቢሰጥ፥ «ብዙ ተማሪ ይረዳ» ብለን ብናዝ መሣሪያው ለ30 ተማሪዎች ደብተር ይሰጣል፤ ጫማ ግን ለማንም አይሰጥም። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ጫማ የሌለው ልጅ ግን ተረሳ። «ጫማው ከ8 ጥንድ አይነስ» የሚል ወሰን ብንጨምር 8 ጫማና 14 ደብተር፥ በድምሩ 22 ተማሪዎች ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጫማ በተጨመረ ቁጥር ሁለት ተማሪዎች ደብተር ያጣሉ ማለት ነው። ይህን አውቆ መወሰንና ሳያውቁ መወሰን በጣም ይለያያሉ።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 የሩሲያው ካንቶሮቪች፥ በ1947 ደግሞ አሜሪካዊው ዳንትዚግ መንገዱን አሳይተዋል። በ1945 ስቲግለር የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ከ77 የምግብ ዓይነቶች ለጤና የሚበቃውን በርካሽ ዋጋ ቢፈልግ፥ በዓመት 39.93 ዶላር የሚያወጣ ምግብ አገኘ። ይኸውም የስንዴ ዱቄት፥ የቆርቆሮ ወተት፥ ጎመን፥ ስፒናችና ቦሎቄ ብቻ ነበር። በ1947 ዘጠኝ ጸሐፊዎች በእጅ ማስያ 120 የሰው ቀን የሚፈጅ ሥራ ሠርተው 39.69 ዶላር መሆኑን አረጋገጡ። ዛሬ ይህ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ብቻ በልቶ የሚኖር ማን ነው? የሰውን ጣዕም በወሰን ያልጻፈ ሰው ጣዕም የሌለው መልስ ያገኛል።

አንዳንዶች «መኪና ርኅራኄ የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህም ርኅራኄያችንን በወሰን መልክ መጻፍ የኛ ፈንታ ነው። ያልተጻፈ ርኅራኄ ድምፁ ለበረታው ያደላል፤ የተጻፈው ግን ለሁሉም ይታያል፥ ይመረመራል፥ ይታረማል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የየክበባችን መሪዎች ገንዘብ ከመደልደላቸው በፊት ዓላማቸውንና ወሰናቸውን ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉ። በወሰኖቹ ላይ እንከራከር፤ ስሌቱን ለመኪናው እንተውለት። ያን ጊዜ የጸጥተኛው ተማሪ ድርሻ በጩኸት ብዛት አይወሰንም።