ግማሽ የታወቀ ቃል ለተማሪ አይሰጥም

ዛሬ ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የሠራሁት ስሕተት ነው። ዝም ብል ብዙ ሰው አያውቅብኝም ነበር። ነገር ግን ብዙዎቻችን በዚያው መንገድ ላይ ስላለን፣ ከእኔ ብትማሩ ይሻላል ብዬ ጻፍሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልምምድ በተመደብሁበት ትምህርት ቤት የ6ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ደረሰኝ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ለማበረታታት «ጎበዝ ተማሪዎች በርትተው ያጠናሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ልጽፍላቸው አሰብሁ። «ሃርድ» ማለት ብርቱ መሆኑን አውቃለሁ። በሰዋስው ትምህርትም «ስሎው» የሚለው «ስሎውሊ» እንደሚሆን፣ ማለትም መጨረሻው ላይ «ሊ» እንደሚጨመር ተምሬአለሁ። ስለዚህ ጠመኔዬን አንሥቼ «ጉድ ስቱደንትስ ሃርድሊ ስተዲ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁና ክፍሉን ሦስት ጊዜ በኅብረት አስባልሁ። ልጆቹም በደብተራቸው ገለበጡት።

ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይከታተሉኝ የነበሩት አሠልጣኝ መምህሬ አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር ጻፉ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ወደ ውጭ ጠሩኝና «ልጄ፣ ጎበዝ ተማሪ እምብዛም አያጠናም ብለህ አስተማርሃቸው እኮ!» አሉኝ። ለካ «ሃርድሊ» ማለት «እምብዛም» ኖሯል! «በብርቱ» ለማለት «ሃርድ» ብቻውን ይበቃ ነበር። በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ በኪሴ ይዤው በምዞረው ደብተር ውስጥ ከመዝገበ ቃላት የገለበጥኋቸው ከ800 የማያንሱ «ከባድ» ቃላት ነበሩ። ከ«ኤ» ተነሥቼ «ዲ» ላይ ደርሻለሁ። በመኝታ ክፍላችንም «ዲክሽነሪው» የሚል ስም ወጥቶልኛል። በክርክር ሰዓት ማንም የማያውቀውን ቃል ጣል አድርጌ ጓደኞቼ ሲስቁና ሲያደንቁ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሁሉ ተሸክሜ አራት ፊደል ባላት በአንዲት የዘወትር ቃል ተሰናከልሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ሽምደዳ ምን ረባኝ?

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ቃላት ችሎታ የሚለካው ሌላው ሰው ሰምቶት በማያውቀው ቃል ብዛት አይደለም። የምናውቃቸው የሚመስሉንን ቃላት ከነቤተ ሰባቸውና ከነጎረቤታቸው በማወቃችን ነው። ለአስተማሪ ደግሞ ይህ የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የምናስተምረው የአንደኛ ደረጃ ልጅ ነው፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ ዛሬ እኛ እጅ ላይ ያለው ልጅ ነገ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ሊማር ነው። በዚያ ጊዜ የሚቆመው እኛ ባቆምነው መሠረት ላይ ነው። በጋኑ ውስጥ የሌለውን ጠላ በጣሳ መቅዳት አይቻልም።

አሁን ወደ አጠናኑ ልምጣ። በመጀመሪያ፣ መዝገበ ቃላትን ከ«ኤ» ጀምሮ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 20 ቅጽ ሲሆን ከ290,000 በላይ ዋና ቃላት አሉት። አንድ ሰው በቀን 20 ቃል ቢያጠና፣ አንዱንም ሳይረሳ፣ ለመጨረስ ወደ 40 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የጡረታ ጊዜው ደረሰ ማለት ነው! ደግሞም መዝገበ ቃላት የሚጠቅመውን ቃል ከማይጠቅመው ለይቶ አያሰልፍም፤ ሰልፉ የፊደል ሰልፍ ነው።

የሚጠቅመውን የለዩልን ሰዎች ግን አሉ። ማይክል ዌስት የተባሉት እንግሊዛዊ የቋንቋ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2,000 የሚጠጉ እጅግ ተዘውታሪ ቃላትን በዝርዝር አወጡ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2000 አቭሪል ኮክስሄድ የተባሉት የኒውዚላንድ ተመራማሪ የከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎችን መርምረው 570 የቃል ቤተ ሰቦችን ለዩ። በእርሳቸው ጥናት መሠረት የዌስት ዝርዝር በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ካሉት ቃላት ሦስት አራተኛውን ያህል ይሸፍናል። 570ዎቹ ደግሞ በላዩ ከ10 ቃላት አንዱን ይጨምራሉ። ከእነዚህም መካከል «አሱም»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ኢንተርፕሬት»፣ «ሲግኒፊካንት» የሚሉት ይገኛሉ። እስቲ የፔዳጎጂ መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ በየገጹ ይቆሟችኋል። በቀን ሁለት ሁለት ቤተ ሰብ ብናጠና በ285 ቀን እንጨርሳቸዋለን። ከ40 ዓመት ጋር አወዳድሩት።

ሁለተኛው ነጥቤ ቃል ብቻውን አይኖርም የሚል ነው። ይህን ለመረዳት ከራሳችን ቋንቋ የተሻለ አስተማሪ የለም። «ጻፈ» የሚለውን የሚያውቅ ልጅ ጽሑፍን፣ ጸሐፊን፣ መጽሐፍን፣ አጻጻፍን፣ ተጻጻፈን አንድ በአንድ አይሸመድድም፤ ዘራቸውን ያውቃልና። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ዲሳይድ» የሚለውን ስናገኝ «ዲሲዥን»ን፣ «ዲሳይሲቭ»ን፣ «አንዲሳይድድ»ን አብረን ብንጽፍ በአንድ ቃል ዋጋ አራት እናገኛለን። አማርኛችን ለሊቅ ቃሉ ወደ ግእዝ እንደሚሄድ ሁሉ እንግሊዝኛም ወደ ላቲንና ወደ ግሪክ ይሄዳል። እኛ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ልቡና፣ ሥነ ምድር እንላለን፤ እነርሱ ባዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦሎጂ ይላሉ። የእኛ «ሥነ» ከፊት፣ የእነርሱ «ሎጂ» ከኋላ መሆኑ ነው እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ይህን ያስተዋለ ሠልጣኝ ቃሉን ባያውቀው እንኳ ሊገምተው ይችላል። ግን ግምቱን በመዝገበ ቃላት ያረጋግጥ! እኔን የጣለኝ ያልተረጋገጠ ግምት ነውና።

ሦስተኛ፣ የቃል ጎረቤት መታወቅ አለበት። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ ሻሽ እናስራለን። እንግሊዙ ለሁሉም «ዌር» ብሎ ይገላገላል። በአንጻሩ እኛ ቤት ሠራ፣ የቤት ሥራ ሠራ፣ ስሕተት ሠራ፣ ሰዓቱ ሠራ ስንል በአንድ ግሥ ነው፤ እንግሊዙ ግን ለመጀመሪያው «ቢልት»፣ ለሁለተኛው «ዲድ»፣ ለሦስተኛው «ሜድ»፣ ለአራተኛው «ወርክድ» ይላል። ታዲያ በደብተራችን ላይ «ሜክ እኩል ይሆናል ሠራ» ብለን ጽፈን ብንሸመድድ መጨረሻው ምን ሊሆን ነው? ልጁ ስሕተትን በ«ዱ»፣ የቤት ሥራን በ«ሜክ» ይሠራል። አማርኛ ፍቺ አይጻፍ አልልም፤ ቶሎ ያስረዳል። ነገር ግን ከፍቺው ጋር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ።

ለዚህም የተማሪ መዝገበ ቃላትን የመሰለ ረዳት የለም። አልበርት ሆርንቢ በጃፓን አገር እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ እንግሊዛዊ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 በቶኪዮ ታተመ። በኋላም በ1948 በኦክስፎርድ ወጥቶ ዛሬ «አድቫንስድ ለርነርስ» እየተባለ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ጭምር የሚያሳየው የውጭ አገር ተማሪ የት እንደሚሳሳት በሚያውቅ መምህር ስለ ተዘጋጀ ነው። እኛ ግን ስንከፍተው የመጀመሪያዋን ፍቺ ነጥቀን እንዘጋዋለን። እኔ በዚያን ቀን ሁለት መስመር ወደ ታች ብወርድ ኖሮ «ሃርድሊ»ን ባገኘኋት ነበር።

በመጨረሻም ስለ መርሳት አንድ ቃል ልበል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሳቸው ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ የተጠና ነገር አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ እንደሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ነገርም በአንድ ጊዜ ከተሸመደደው ይልቅ በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ለፈተና ዋዜማ ሻማ አብርቶ 100 ቃል ከመዋጥ፣ 10 ቃል ይዞ በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ መመለስ ይበልጣል። እኔ አሁን ያለቁ ደብተሮችን ቆርጬ ትንንሽ ካርድ አበጅቻለሁ። በአንዱ ፊት ቃሉን፣ በሌላው ዐረፍተ ነገሩን እጽፋለሁ። የምግብ ሰልፍ ላይ ቆሜ አገላብጣቸዋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ በዚህ ግድግዳ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የ10 ቃላት ዓምድ ይከፈት። ቃላቱ ከመማሪያ መጻሕፍታችን ይውጡ፤ እያንዳንዱ ቃል ከነቤተ ሰቡና ከነዐረፍተ ነገሩ ይጻፍ። ለመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝሩን እኔ አዘጋጃለሁ።

2ኛ/ አሠልጣኝ መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምለምነው፣ የቃላት ፈተና «ከሀ ሥር ያለውን ከለ ሥር ካለው አዛምድ» በሚል ብቻ እንዳይወጣ ነው። ማዛመድማ እኔም አዛምጃለሁ፤ ሙሉ ማርክም አግኝቻለሁ። አንድም ቀን ግን «በዚህ ቃል ዐረፍተ ነገር ሥራ» ተብዬ ተፈትኜ ቢሆን ኖሮ ጉድለቴ በልጆቹ ፊት ሳይሆን በእናንተ ፊት በታየ ነበር።

የልምምዱን ነገር ሳልጨርስ አልሰናበትም። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፍሁና «ትናንት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ አርሙት» አልኋቸው። ልጆቹ ላጲሳቸውን አውጥተው መፋቅ ጀመሩ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ማታ ታላቅ ወንድሜ ስሕተት ነው ሲለኝ፣ ቲቸር ነው የጻፈው ብዬ ተጣላሁት እኮ» አለችኝ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የእኛን ስሕተት ይዘው ቤታቸው ድረስ የሚሟገቱልን ልጆች ናቸው የሚጠብቁን። ለዚህ እምነታቸው የሚመጥን ቃል ይዘን እንድንሄድ አደራ እያልሁ ሐሳቤን በዚህ እቋጫለሁ። የሚቃወም ወይም የሚያርም ካለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልኝ።

ከአንድ ሠልጣኝ መምህር