ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ለለቡ አካባቢ ዕድሮች ሰብሳቢዎች፣ ጸሐፊዎችና አባላት በሙሉ



ባለፈው ክረምት በብሎካችን አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ሲያርፉ አስከሬናቸውን የሚያወርድ ጉልበት አልጠፋም። ዕድሩም ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ወዲያው አቀረበ። እግዚአብሔር ይስጥልን። እኚሁ እናት ግን ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ፀሐይ ለመሞቅ እንኳ ደጅ ወርደው አያውቁም ነበር። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው ልጃቸው በየደረጃው እየዞረች የሚሸከምላት ሰው ትለምን ነበር።

ልጅቱ ሥራዋን ትታ ነው ያስታመመቻቸው። ተኝቶ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ዳሌው፣ ተረከዙና የወገቡ ታች ይቆስላል። ስለዚህ ሌሊትም እንቅልፍ አልነበራትም። ማገላበጥም ዘዴ አለው፤ ሰውየውን በክንዱ ከመጎተት ይልቅ ከሥሩ በታጠፈ አንሶላ ማንሳት፣ በጉልበቶቹ መሀል ትራስ ማድረግ፣ ተረከዙን ከፍራሹ ማራቅ። ይህን ያሳያት ሰው አልነበረም። የተማረችው ቁስሉ ከወጣ በኋላ ነው። ውኃ ሲጠፋ ደግሞ የእናቷን ልብስና አንሶላ የምታጥብበትን ውኃ በጀሪካን ተሸክማ አራት ፎቅ ትወጣ ነበር።

ለቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አንድ ብቻ አይደለም። ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞቻችን ሊፍት የላቸውም፤ ጉልበቱን ያመመው አዛውንት ቤቱ እስር ቤት ይሆንበታል። ቪላ ቤቶቹም ጋ ሌላ ዓይነት ብቸኝነት አለ። ልጆች ውጭ አገር ናቸው፣ ግቢው ውስጥ አባትየውና የቤት ሠራተኛዋ ብቻ ቀርተዋል። ገንዘብ ይላካል፤ የደም ግፊት መድኃኒቱ መወሰዱን የሚያይ ሰው ግን የለም። ሜቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ጎዳና ላይ የወደቁትን ያነሣሉ። እነዚህ የሰፈራችን አዛውንት ግን ቤትም ልጅም አላቸው ተብለው የተዘነጉ ናቸው።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን መርዳት የዕድር ሥራ አይደለም የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኤችአይቪ በየቤቱ ሰው በሚጥልበት ዘመን ግን የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀባሪ ብቻ ሆነው አልቀሩም። መተዳደሪያ ደንባቸውን ያሻሻሉ ነበሩ፤ ሕመምተኛን ቤቱ ሄደው ያስታመሙ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ የደገፉ ነበሩ። ያኔ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

መንግሥትም ግዴታ አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነት ጥሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን ቤት ለቤት ያሰማራል። ነገር ግን የትኛው በር ውስጥ አልጋ የያዘ ሽማግሌ እንዳለ ከናንተ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? የአባላት መዝገብ በእጃችሁ ነው። ስማቸውን ለጤና ጣቢያው ስጡ፤ ባለሙያዋም መጥታ አስታማሚዎችን እንዴት ማገላበጥ፣ እንዴት ማጠብ እንዳለባቸው ታሳይ።

የምለምናችሁ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከመዋጮው ላይ ዊልቸርና የሕመምተኛ መሸከሚያ ወንበር ገዝታችሁ ከድንኳኑ ጋር መጋዘን አስቀምጡ፤ የቸገረው ተውሶ ይመልስ። ለሐኪም ቀጠሮ ቀን የሚሸከሙ ወጣቶችን በተራ መድቡ። ከሁሉም በላይ አስታማሚዋን አስቧት። በሳምንት አንድ ከሰዓት የሚቀመጥላት ሰው ብታገኝ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሄዳለች፣ ገበያዋን ትገበያለች፣ ትተኛለች። እኔ በግሌ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሷ ናት፤ እሷ ከወደቀች ሁለት ሕመምተኛ ነው የሚኖረን።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ላይ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ያዙት። ከአባላት መካከል አልጋ የያዘ ሰው ያለበትን ቤት መዝግቡ፤ ስብሰባው ሳይበተንም መጀመሪያ ወደ የትኛው ቤት እንደምትሄዱ ወስኑ።

አክባሪያችሁ፣
የለቡ ነዋሪና የዕድር አባል