በትከሻ የሚታየውና በጉያ የሚሸጎጠው፦ የአነስተኛ ሽጉጦች ጉዳይ በጋሞ ዞን

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ባጸደቀበት ሰሞን የወጡ ዘገባዎች ትኩረት የሚሻ ንጽጽር ይዘው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ በሕገወጥ መንገድ ሲዘዋወሩ ከተያዙት መሣሪያዎች መካከል ጠመንጃዎቹ 275 ሲሆኑ፣ ሽጉጦቹ ከ33 ሺህ በላይ እንደነበሩ ተገልጿል። አብሮ የተያዘው ጥይት 300 ሺህ ነው። ጥይቱ በሙሉ የሽጉጥ ነው ቢባል እንኳ ለእያንዳንዱ ሽጉጥ የሚደርሰው ዘጠኝ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ካርታ ከመሙላት ብዙም አያልፍም።

ይህ ቁጥር ስለ ጦር መሣሪያ ሲነሳ ብዙዎች በአእምሯቸው የሚስሉትን ሥዕል ይቀይራል። ሲወራ የሚታሰበው ክላሽ ነው፤ በኬላ ሲያዝ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ሽጉጥ ነው። ምክንያቱም ስውር አይደለም። ጠመንጃ በጭነት መኪና ላይ ለመደበቅ ያስቸግራል። ሽጉጥ ግን በእህል ጆንያ፣ በመኪና ወንበር ሥር ወይም በተሳፋሪ ወገብ ላይ ይሸሸጋል። በአማርኛ ስሙም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነውና ጠባዩን በራሱ ይናገራል። ውጅግራ፣ ለበንና ምንሽር በየዘመኑ የባለቤታቸው መታወቂያ ሆነው በትከሻ ላይ በግልጽ ሲታዩ የኖሩ ናቸው። ሽጉጥ የተሠራው ላለመታየት ነው።

በውጭው ዓለም የሽጉጥ ገበያ እየታየ ያለ አንድ ለውጥ ይህን ጉዳይ ይበልጥ የሚያወሳስብ ነው። ሽጉጥ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጥይቱን እጀታው ውስጥ በሚገባ ካርታ የሚይዘው ነው። ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱን በራሱ ያጎርሳል፤ የተተኮሰውን ቀልሃም ወደ ውጭ ይተፋል። ሁለተኛው ሪቮልቨር የሚባለው፣ አምስት ወይም ስድስት ጥይት በሚሽከረከር ክብ ማኅደር ውስጥ የሚይዘው ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ የየራሳቸው ጥይት ነበራቸው። የሪቮልቨር ቀልሃ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ ጥይቱ ማኅደሩ ውስጥ ሰምጦ እንዳይገባ የሚይዘውም፣ ከተተኮሰ በኋላ ተገፍቶ የሚወጣውም በዚያ ከንፈር ነው። የባለ ካርታው ሽጉጥ ጥይት ግን በካርታው ውስጥ እርስ በርሱ እንዳይጠላለፍ ግርጌው ልሙጥ ተደርጎ ይሠራል።

ይህ ልዩነት የተሻገረው በጦርነት ምክንያት ነበር። አሜሪካ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ለሠራዊቷ የሚበቃ ባለ ካርታ ሽጉጥ አልነበራትም፤ ጥይቱ ግን አንድ እንዲሆን ተፈለገ። ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባሉት ፋብሪካዎች በሪቮልቨራቸው የባለ ካርታውን ጥይት እንዲተኩስ አደረጉ። መላው ቀላል ነበር፤ ሦስት ሦስት ጥይት በግርጌው የሚይዝ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ስስ ብረት ተሠራ፣ ብረቱም የከንፈሩን ሥራ ተካ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በዚህ ዓይነት ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሪቮልቨር አምርተዋል።

ያኔ የችግር ጊዜ መፍትሔ የነበረው አሠራር ዛሬ የተለመደ ሸቀጥ ሆኗል። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ትንሽ ሪቮልቨር አምስት ጥይት ይይዛል፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ አፈሙዙ አምስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለንጽጽር ያህል፣ በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ማካሮቭ ያለ ጥይት 730 ግራም ይመዝናል። ቻርተር አርምስ የተባለው ሌላ ፋብሪካ ደግሞ የጨረቃውን ብረት አስቀርቶ፣ ልሙጡን ቀልሃ በትንሽ ሞላ የሚይዝ ሪቮልቨር ሠርቷል። አምራቾቹ ወደዚህ ያዘነበሉት በዋናነት ስለ ጥይቱ ነው። 9 ሚሊ ሜትር የሚባለው፣ ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር ከመቶ ዓመት በፊት የነደፈው ጥይት፣ በዓለም ላይ እጅግ የተሠራጨው የሽጉጥ ጥይት ነው፤ በመሆኑም ይረክሳል፣ በየቦታውም ይገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት አንድ ነጥብ አለ። በአገራችን «ዘጠኝ ሚሊ» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል። የማካሮቭ ጥይት ግን የሶቪየት ኅብረት ሠራዊት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቀበለው ሌላ ጥይት ነው፤ ቀልሃው ያጥራል፣ እርሳሱም በጥቂቱ ይወፍራል፤ ከሉገሩ ጋር አይለዋወጥም። ወደ ኢትዮጵያ በስፋት የገባውም በደርግ ዘመን ከነበረው የሶቪየት ትጥቅ ጋር ተያይዞ ነው። ልዩነቱ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኬላ ላይ አንድ እፍኝ ጥይት ሲያዝ ምን ዓይነት እንደሆነ በትክክል ከተመዘገበ፣ በአካባቢው የትኛው መሣሪያ እየተዘዋወረ እንዳለ መሣሪያው ሳይያዝ በፊት ማወቅ ይቻላል።

በፖሊስ ዘገባዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚሰሙት ስሞች ማካሮቭ፣ ስታር፣ ኮልትና ኢኮልፒ ናቸው፤ ቱርክ ሠራሽ የሚባሉት ደግሞ ካለፉት ዓመታት ወዲህ በርክተዋል። አብዛኞቹ ባለ ካርታ ናቸው። ታዲያ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ትንሽ ሪቮልቨር ለአርባ ምንጭ ነዋሪ ወይም ለጨንቻ ገበሬ ምኑ ነው ሊባል ይችላል። ነገሩ የሚያያዘው በጥይቱ በኩል ነው። የሕገወጥ መሣሪያ ገበያ ሁልጊዜ የሚከተለው ጥይቱ የሚገኝለትን መሣሪያ ነው። ለባለ ካርታው ሽጉጥ የተዘረጋው የጥይት መስመር ለትንሹ ሪቮልቨርም ያገለግላል ማለት፣ አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የማስረጃው ጉዳይ ነው። ባለ ካርታ ሽጉጥ በተተኮሰ ቁጥር ቀልሃውን መሬት ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ የመርፌው ምትና የማውጫው ጭረት ቀልሃው ላይ ስለሚቀር ለመርማሪ ፖሊስ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሪቮልቨር ቀልሃውን በማኅደሩ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው እርሳሱ ብቻ ነው፤ በግድግዳ፣ በግንድ ወይም በሰው አካል ውስጥ። እርሳሱም የአፈሙዙን ጥርስ አሻራ ስለሚይዝ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ ለመለየት ይረዳል፤ ሆኖም ተገኝቶ፣ ሳይነካካና ሳይጠፋ ለምርመራ መድረስ አለበት። የቀበሌ ሚሊሻም ሆነ ጎረቤት ከድንጋጤ የተነሳ ቦታውን ከረገጠው፣ ዕቃ ካነሳና ካጸዳው ይህም ፍንጭ ይጠፋል። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ቦታውን ሳይነኩ መጠበቅ ቀላል ምክር ይመስላል፤ በገጠር ቀበሌ ግን ፖሊስ እስኪደርስ ሰዓታት ሊያልፉ ስለሚችሉ ቀላል አይደለም።

የጋሞ ዞን በዚህ ረገድ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የመንገዱ ነው። አርባ ምንጭ ከወላይታ ሶዶ የሚመጣውና ወደ ኮንሶ፣ ከዚያም ወደ ጂንካና ወደ ደቡቡ ድንበር አቅጣጫ የሚዘልቀው መንገድ መገናኛ ናት። ሙዝና ማንጎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ባዶውን አይመለስም። እያንዳንዱን ጭነት አራግፎ መፈተሽ ደግሞ የገበሬውን ሙዝ በፀሐይ ማበስበስ ነው፤ ስለዚህ ፍተሻው በመረጃ ላይ ካልተመሠረተ የሚጎዳው ሕጋዊው ነጋዴ ይሆናል።

ሁለተኛው ገጽታ የባህሉ ነው። በጋሞ ደጋ ጠብ የሚታየው በዱቡሻ፣ በአደባባይ ነው። የተጣሉት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎች ያዳምጣሉ፤ እውነትን መደበቅ ጎሜ ስለሆነ በሰውየው ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡና በምድሩም ላይ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ከደረሰው ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ በቁጣ የወጡ ወጣቶችን ለማቆም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ሲንበረከኩ መላ አገሪቱ አይቷል። ወጣቶቹም ተመልሰዋል። ያ ሥርዓት የሠራው ሁሉም ነገር በግልጽ ስለነበረ ነው፤ ቁጣው ይታያል፣ ዱላው ይታያል፣ የሚንበረከከው አባትም ይታያል። በጃኬት ሥር ያለ ግማሽ ኪሎ ብረት ግን ለሽማግሌ ዓይን አይታይም። ሽማግሌው ሣር ነጭቶ ከመድረሱ በፊት ነገሩ በሴኮንዶች ያልቃል። በእርሻ ድንበር ወይም በመጠጥ ቤት የተነሳ ጭቅጭቅ በዱላ ቢሆን ኖሮ በቁስልና በካሣ ያበቃ የነበረው፣ በሽጉጥ ጊዜ የደም ጉዳይ ይሆናል።

አዋጁ ማን መታጠቅ እንደሚችል፣ ዝቅተኛውን ዕድሜና አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን ብዛት ይወስናል፤ ግለሰቦች በመሣሪያ ንግድ እንዳይሰማሩም ይከለክላል። ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿ ጋር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ናይሮቢ ላይ የፈረመችው የቀላል መሣሪያዎች ፕሮቶኮልም አባል አገራት መሣሪያን በምልክትና በመዝገብ እንዲቆጣጠሩ ያስገድዳል። በተግባር ግን መዝገቡ የሚያገኘው አስቀድሞ የሚታየውን ነው። ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ ይዞ ሰብሉን ከአውሬ የሚጠብቅ ገበሬ ጎረቤቱም ቀበሌውም ያውቀዋል፤ ተጠርቶም ይመጣል። ሽጉጥ ገዝቶ በጉያው የሸጎጠ ሰው ግን የሚጠራው የለም። ምዝገባው በጠመንጃው ባለቤት ላይ ብቻ እየጠበቀ ከሄደ ገበሬው «እኔን ብቻ» የሚል ቅሬታ ማንሳቱ አይቀርም፤ ቅሬታውም መሠረት አለው።

ስለሆነም የቁጥጥሩ ክብደት ከጠመንጃው ወደ ሽጉጡ፣ ከሽጉጡም ወደ ጥይቱ መዞር ይገባዋል። ጥይት ያልቃል፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ዳግም ይገዛዋል፤ ሻጩም በአንድ ገበያ ወይም በአንድ መናኸሪያ አካባቢ ደጋግሞ ይታያል። ሻጩን በቅድሚያ የሚያየውም ፖሊስ ሳይሆን የሠፈሩ ሰው ነው፤ ለመናገር ግን ስሙ እንደማይወጣ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ይህን ማረጋገጫ በየወረዳው ማን ይሰጠዋል፣ በምን ዓይነት አሠራር ይሰጠዋል የሚለው ጥያቄ ከዞኑ ሰላምና ጸጥታ መዋቅርና ከፖሊስ ግልጽ መልስ ይጠብቃል።