ሰው ፊት የሚከፈት ሰንጢ



ኅዳር ላይ ነው። ቢሮ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ከልጄ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። «ልጁ ደህና ነው፤ ግን ቢመጡ ጥሩ ነው» አሉኝ። ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ «ልጁ ደህና ነው» ተብሎ የሚጀመር ወሬ ጉልበት ያርዳል። ስደርስ የስምንት ዓመቱ ልጄ ርእሰ መምህሯ ጠረጴዛ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ታጣፊ ሰንጢ ተቀምጧል። ሰንጢው የእኔ ነበር።

እንዴት የእኔ ሆነ? ማርኬቲንግ ክፍል የሚሠራ ሰው በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ራስ ምታት አለበት፤ ለደንበኞች ምን እንስጥ? አጀንዳ፣ እስክሪብቶ፣ ጃንጥላ፣ ቴርሞስ ሁሉም ተሰልችቷል። አንድ ዕቃ አቅራቢ «ለወንድ ደንበኞቻችሁ» ብሎ ሁለት ናሙና አመጣልኝ። በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ሲከፈት «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፣ ኪስ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ አለው። ሳጥኑ ላይ «ታክቲካል» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። አንዱን ወረታ ለሚኖሩት አባቴ ላክሁላቸው። ሌላውን መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። ልጄ ያገኘው እዚያ ነው።

«ለምን ወሰድከው?» አልኩት መኪና ውስጥ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ሰው እንዲፈራኝ» አለ። ለካ በዕረፍት ሰዓት የሚገፋው አንድ ተለቅ ያለ ልጅ ነበር። እሱን ከክፍል ኃላፊ መምህሩና ከልጁ ወላጆች ጋር ተነጋግረን መላ አበጀንለት። «ሰው እንዲፈራኝ» የምትለው ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። እኔ በአንድ ቃል ዋጋ መጨመር ሙያዬ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል ምን እየሸጠ እንደሆነ ግን የነገረኝ የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰንጢ የያዘ ሰው ካገኘሁ «ይሄ ነገር ምን አድርጎልህ ያውቃል?» ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆነብኝ። ያገኘኋቸው ታሪኮች አንዳቸውም ጠብ የለባቸውም።

የወረታው የሽንኩርት ነጋዴ አጎቴ ሰንጢውን ከሃያ ዓመት በላይ ይዞታል። እንደምታውቁት የፎገራ ሜዳ ከሩዙ ሌላ በሽንኩርቱና በቲማቲሙ ይታወቃል። አጎቴ ገዢ ሲመጣ ከጆንያው መሐል አንድ ራስ ያወጣና እዚያው ለሁለት ይከፍለዋል። ውስጡ ካልበሰበሰ ያሳያል፤ ከበሰበሰም ያሳያል። «ሰንጢዬ ምስክሬ ናት» ይላል። ከእሱ የሚገዙት ሰዎች የሚያምኑት በምላሱ ሳይሆን በዚያች በተከፈለች ሽንኩርት ነው። ማስታወቂያ ስንሠራ ስንት ገንዘብ የምናፈስበትን ነገር እሱ በአንድ ሽንኩርት ይጨርሰዋል።

የሰፈራችን መሪጌታ ደግሞ ሰንጢያቸውን ያገኙት በተማሪነታቸው ከመምህራቸው ነው። የመቃ ብዕር መቅረጫ ነበር። የብዕሩ አፍ ተስተካክሎ ካልተቆረጠ ፊደሉ ይወፍራል፣ ቀለሙም ይፈሳል። መሪጌታ በዚያ ሰንጢ ሥጋ ቆርጠው፣ ሎሚ ከፍለው አያውቁም። «ፊደል የቀረጸ ስለት ሌላ አይነካም» ይላሉ። ዛሬ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መጻፍ ትተዋል፤ ሰንጢው ግን አሁንም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመጽሐፋቸው አጠገብ ይቀመጣል።

አሜሪካ የሚኖረው ያጎቴ ልጅ ታሪክ ያሳዝናል። ሲሄድ አባቱ የሰጡትን የቀንድ እጀታ ሰንጢ ዓመታት ጠብቆ፣ አንድ የጉዞ ቀን በጥድፊያ ከእጅ ሻንጣው ሳያወጣ ቀረ። ፍተሻው ላይ ተወሰደበት። «ጣቴን የተቆረጥኩ ያህል አመመኝ» አለኝ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት ወዲህ ትንሽም ብትሆን ሰንጢ የአሜሪካን አውሮፕላን ተሳፋሪዎች ክፍል አትገባም። የአገሪቱ የጉዞ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ስለታቸው ከ6 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ሰንጢዎችን ሊፈቅድ አስቦ ነበር፤ የበረራ አስተናጋጆችና ሌሎችም አጥብቀው ሲቃወሙ በዚያው ዓመት ሐሳቡን ሰረዘው። ጉዳዩ የስለቱ ርዝመት ብቻ አልነበረም። በዚያ ጠባብ ቦታ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ልቡ ካላረፈ፣ ባለ ሰንጢው መልካም ሰው መሆኑ ብቻውን አይበቃም።

ስለ «ታክቲካል»ም ትንሽ አነበብኩ። ታጣፊ ሰንጢ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሮማውያንም ነበራቸው። የስዊዘርላንድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1891 ለወታደሮቹ ያደለው ሰንጢ የታሰበው ለምን መሰላችሁ? የታሸገ ምግብ ለመክፈትና ጠመንጃ ፈታቶ ለመጠገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጣው ታዋቂው የመኮንኖች ሰንጢ ደግሞ የወይን ቡሽ መንቀያ ተጨመረለት። ዛሬ ጥቁር ቀለም ተቀብተው የሚሸጡት ሰንጢዎች ላይ የምናየው ክሊፕና በአውራ ጣት መክፈቻ ቀዳዳ ስፓይደርኮ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ነው፤ የዚያ ሰንጢ ስሙም «ሠራተኛ» ነበር። እንግዲህ የወታደሩም የሠራተኛውም ሰንጢ የሥራ ዕቃ ነበር። ማስፈራቱን የጨመርንበት እኛ፣ የእኔ ሙያ ሰዎች ነን።

ለገና መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለን አጣርተን፣ ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ወረታ ገባን። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። አባቴ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተቀምጠው ለልጄ ሸንኮራ ይልጣሉ። የያዙት ግን የላክሁላቸውን አልነበረም። ያችኑ አሮጌ የእንጨት እጀታ ሰንጢ ነው። ስለቷ ተስሎ ተስሎ ቀጥኗል። ያቺን ሰንጢ በደንብ አውቃታለሁ። አንድ ነሐሴ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ በሬያችን በታሰረበት ገመድ ተጠልፎ ሊሰጥም ነበር። ገመዱ ውኃ ጠጥቶ ቋጠሮው አልፈታ ሲል አባቴ እስከ ደረታቸው ገብተው የቆረጡት በእሷ ነው። የዚያ ዓመት እርሻችንም፣ የእኔ ደብተርና ጫማም ከዚያ በሬ ጋር ተርፈዋል።

«አባባ፣ አዲሱን አልወደዱትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ጥሩ ብረት ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ግን ሰው ፊት ልከፍተው አልቻልኩም። አንድ ቀን ገበያ መሐል ገመድ ልቆርጥ ባወጣው፣ አጠገቤ የነበረች ሴት ደንግጣ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች። እኔን ፈርታ! በዚህ ዕድሜዬ! ከዚያ ወዲህ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ስለት ሰው ካስደነገጠ ምን ሥራ ይሠራል፣ ልጄ?»

ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ልጄን አዩትና «ነገ ታራ ገዳም እንሄዳለን» አሉ።

ታራ ገዳምን ያላያችሁ፣ ከወረታ በጎንደር መንገድ ሄዳችሁ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ከፍታው ላይ ታገኙታላችሁ። ዙሪያው የተራቆተ ማሳ ሆኖ ሳለ ገዳሙ ያለበት ተራራ ጽድና ወይራ የሞላበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ልጄ እየሮጠ ገባና ቀጥ ያለች የወይራ ቅርንጫፍ አየ። «አያቴ፣ በሰንጢው ቁረጥልኝ፤ ዱላ ትሁነኝ!»

አባቴ ሰንጢዋን ከኪሳቸው አወጡ። ግን አልከፈቷትም። እንደታጠፈች መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «የገዳም ዛፍ በስለት አይነካም። ይህ ሁሉ ደን እዚህ የቀረው ስለት ያልነበራቸው ሰዎች ስለኖሩበት አይደለም። ስለት እያላቸው ስላላወጡት ነው። አሁን አንተ ይዘሃት ውጣ። ሳትከፍታት ከመለስክልኝ ነገ ሸንኮራ ትቆርጥባታለህ።»

ልጄ ያን ዳገት ሁሉ እጁን ጨብጦ ወጣ። አንድም ጊዜ አልከፈታትም። እላችኋለሁ፣ ከኋላው ሆኜ ያንን የተጨበጠ ትንሽ እጅ ሳይ፣ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ አንገቱን የደፋው ልጅ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ሰውን ሳያስፈራ ራሱን ከፍ አድርጎ ይሄድ ነበር።

በማግሥቱ አባቴ አስተማሩት። መጀመሪያ ቁጭ ማለት፤ ስለት ይዞ መቆም፣ መሮጥ የለም። ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ መቁረጥ። ሰው ክንድ በሚደርስበት ርቀት ካለ መጠበቅ። ለሌላ ሰው ሲሰጥ አጥፎ መስጠት፤ የማይታጠፍ ከሆነ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ማድረግ። የደነዘ ስለትን በሞረድ ሳይስሉ አለመጠቀም፤ የደነዘ ቢላ ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ ያንሸራትትና እጅ ይቆርጣል። ባለ መቆለፊያ ካልሆነ ደግሞ ጫፉን ተጭኖ አለመውጋት፤ ጣት ላይ ይታጠፋልና።

ከዚህ ላይ እኔም እንደ ከተማ እናት ጥቂት ልጨምር። ስለት እቤታችሁ ካለ መሳቢያ ውስጥ አትጣሉት፤ ቆልፉበት፤ እኔ የተማርኩት በውርደት ነው። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ስታዲየም፣ ፍተሻ ወዳለበት ሕንፃ ይዞ መሄድ የለም። በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ ከእጅ ሻንጣ አውጡና ወደ ትልቁ ሻንጣ አስገቡት። ልጃችሁ ስለት ከደበቀ ደግሞ ከቁጣው በፊት «ማንን ፈርተህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከስለቱ ይልቅ አስቸኳይ ሊሆን ይችላል። እኔ ያንን ጥያቄ ቀደም ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ያ ስልክ ባልተደወለልኝ ነበር።

የመመለሻችን ቀን ልጄ ሰንጢዋን አዲስ አበባ ልውሰዳት ብሎ ለመነ። አባቴ ጠርገው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቷት። «ከተማ ውስጥ ምን ትቆርጥባታለህ? እዚህ ትጠብቅሃለች። ስትመጣ ሸንኮራውን አንተ ትልጥልኛለህ» አሉት።

ቢሮ እንደገባሁ ናሙናውን ለአቅራቢው መለስኩለት። «ጥራቱ አልተስማማችሁም?» አለኝ። ጥራቱስ ጥሩ ነበር። «ደንበኞቻችን ሰው ፊት የሚከፍቱት ነገር ፈልገን ነው» አልኩት። ግራ ገባው። እናንተ ግን ገብቷችኋል።