ኮርሳችሁን ይዛችሁ ኮረኮንች ውጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች እንደ ሃይማኖት የያዙት አንድ ሕግ አለ፦ «በኮርስ ብስክሌት ከአስፋልት አይወጣም።» ስንት ጊዜ ቆጥባ ያገለገለች ኮርስ የገዛች ልጅ «ኮረኮንች ላይ ብወጣስ?» ብላ በጠየቀች ቁጥር መልሱ አንድ ነው። ጎማሽ ይፈነዳል፣ ቸርኬሽ ይጣመማል፣ ፍሬሙ ይሰነጠቃል፤ ለጠጠር ከፈለግሽ ግራቭል ባይክ ግዢ። በቃ፣ ጨዋታው እዚያ ያልቃል።

ይህ ምክር ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት። ግን ገንዘብ የሌለውን ሰው ከብስክሌት ያስወጣል፤ ያልወጣውን ደግሞ የከባድ መኪና ጎማ ሥር ይልከዋል።

ከታሪኩ እንጀምር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1903 የመጀመሪያው ቱር ደ ፍራንስ ሲካሄድ ተወዳዳሪዎቹ የነዱት በአብዛኛው አቧራና ጠጠር ላይ ነው። በ1910 ውድድሩ የቱርማሌን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ እዚያ አናት ላይ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። ማርሽ መቀየሪያ እንኳ በቱሩ የተፈቀደው በ1937 ነው። ኮርስ ብስክሌት የተወለደው ኮረኮንች ላይ ነው፤ አስፋልቱ ነው በኋላ የመጣው።

«እሱ ድሮ ነው» የምትሉ ካላችሁ ወደ ዛሬ እንምጣ። ጣሊያን ቶስካና ውስጥ ከ2007 ጀምሮ የሚካሄድ ስትራዴ ቢያንኬ የሚባል ውድድር አለ፤ ትርጉሙ «ነጭ መንገዶች» ነው፣ ነጩም ጠጠሩ ነው። በ2024 ታዴይ ፖጋቻር እዚያ 81 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ነድቶ አሸነፈ፤ የነዳው ኮርስ ነው። በዚያው ዓመት የቱር ደ ፍራንስ 9ኛ ቀን ውድድር ትሯ ከተማ ዙሪያ 14 የጠጠር ክፍሎች ነበሩት፤ ሲደመሩ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ1896 ጀምሮ ያለው ፓሪ ሩቤ ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ያ ድንጋይ ጋር ሲተያይ የሰፈራችን ኮብልስቶን ምንጣፍ ነው።

አሁን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ፦ እነሱ ፕሮፌሽናል ናቸው፣ ከኋላቸው መለዋወጫ የጫነ መኪና ይከተላቸዋል። እውነት ነው። ግን መኪናው ጎማ ሲተነፍስ ይደርስላቸዋል እንጂ ጠጠሩን አይነዳላቸውም። የሚያስነዳቸው ጎማቸው ውስጥ ያለው ንፋስ ነው። ይሄ ደግሞ ስፖንሰር አይፈልግም።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ነጂና ብስክሌት ተደምረው 85 ኪሎ ይሆናሉ እንበል፤ ከዚህ ወደ 50 ኪሎው የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ጎማው 110 ፒኤስአይ ከተነፋ መሬቱን የሚነካው ቦታ 6.5 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ አንዲት የፖስታ ቴምብር ማለት ነው። ንፋሱን ወደ 70 ስታወርዱት ያ ቦታ ወደ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ይሰፋል። ጠጠር ላይ የምትይዙት ያንን ነው።

ፍጥነቱስ? «ጎማ ድንጋይ እስኪሆን ከተነፋ ይፈጥናል» የሚለው እምነት የሚሠራው መሬቱ እንደ መስታወት ሲለሰልስ ብቻ ነው። ኮረኮንች ላይ የደረቀ ጎማ ጠጠሯን አይውጣትም፤ ብስክሌቱንም እናንተንም አንስቶ ያነጥራል። ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ክንዳችሁንና ወገባችሁን ሲያርገፈግፍ ያልቃል። ከዚያ ወርዳችሁ «ኮርስ ለዚህ አልተሠራም» ትላላችሁ። ጎሚስታው እንደ መኪና ጎማ የሞላውን ንፋስ ግን ማንም አይጠይቅም።

ንፋሱን ዝም ብሎ መቀነስም አይሆንም። በጣም ከላላ ቸርኬው ከመነዳሪውን ከድንጋዩ ጋር ይነክሰዋል፤ እባብ እንደነከሰ ሁለት ቀዳዳ ይተዋል። መፍትሔው ጎማውን ማስፋት ነው። ድሮ ኮርስ የሚመጣው በ23 ሚሊሜትር ጎማ ነበር፤ ብዙ ፍሬሞች 25፣ አንዳንዶቹም 28 ያስገባሉ። በጎማውና በፍሬሙ፣ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። መንገድ ላይ ደግሞ መሪውን አትነቁት፤ ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ፍሬን መያዝ ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው። ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ። በቃ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራሙ በዘገየ ቁጥር «አዲስ ሰርቨር ይገዛ» የሚል ሰው የሌለበት ቢሮ የለም፤ ሴቲንጉን ከፍቶ አላየም። «ግራቭል ባይክ ግዛ» የሚለው ምክርም ያው ነው። ግራቭል ባይክ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ሰፊ ጎማ ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይም ይረጋጋል። ያለው ይንዳው። ግን የመግቢያ ትኬት አይደለም። እዚህ አገር አንድ ብስክሌት መግዛት ራሱ ስንት ወር ደሞዝ እንደሚበላ እያወቅን ሁለተኛ ግዛ ማለት፣ በጨዋ ቋንቋ «አንተ ይቅርብህ» ማለት ነው።

ገደቡንም አልደብቅም። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት አትግቡ፤ ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር ያቆማል፣ እዚያ ግራቭል ባይክም ብዙ አያድናችሁም። የጭንቅላት መጠን ያለው ድንጋይ ካያችሁ ወርዳችሁ በእግር እለፉ። መውረድ ነውር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ምክሩ በጥንቃቄ ስም መሰጠቱ ነው። ከከተማ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን አስፋልት የነዳ ያውቀዋል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ክንዳችሁን ታክኮ ያልፋል፤ ከፊት ሚኒባስ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል፤ የምትሸሹበት ዳር የለም። ጠጠሩ መንገድ ላይ የሚያጋጥማችሁ አህያ፣ በግ፣ ቢበዛ ውሻ፣ ከኋላ እየሮጡ የሚጮሁ ልጆች ናቸው። ጠጠር ላይ ተንሸራቶ የወደቀ ክርኑ ይላጣል። አስፋልቱ ላይ ስለሚሆነው አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። «ቸርኬህ ይጣመማል» ብሎ ሰውን ወደዚያ መመለስ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው? ቸርኬ ይቃናል።

ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። የአገሪቱ መንገድ ዛሬም አብዛኛው ጠጠርና አፈር ነው። «ከአስፋልት አትውጡ» የሚለውን ሕግ የተቀበለ ሰው አብዛኛውን አገሩን ላለማየት ፈርሟል።

ስለዚህ ቀጥሎ አንዷ «በኮርስ ይቻላል?» ብላ ስትጠይቃችሁ የሱቅ ካታሎግ አታንብቡላት። ሦስት ነገር ጠይቋት፦ ጎማሽ ስንት ሚሊሜትር ነው? ንፋሱ ስንት ነው? መንገዱ ደርቋል? መልሷ ደህና ከሆነ ከመነዳሪ አውሷትና አብራችሁ ውጡ።