የማን ልጅ ነው?

ድክ ድክ የሚል ሕፃን ብቻውን መንገድ ዳር ቆሞ ካያችሁ ቁሙ። ቸኩያለሁ አትበሉ። ሌላ ሰው ያየዋል አትበሉ። ቁሙና «የማን ልጅ ነው?» በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉ፤ ጉሊት የተቀመጠችውም፣ ተራ አስከባሪውም፣ ማዶ ያለው ዘበኛም እንዲሰማ።

እንዲህ የምወተውታችሁ አንድ ከተራ ከልቤ ስለማይወጣ ነው። ታቦታቱን አጅበን ወደ ጃን ሜዳ እየሄድን ነበር። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሷል። በዚያ ቀን ነጭ ያልለበሰ ሕፃን ከየት ይገኛል! እኔ ከእናቱ ጋር ነው ብያለሁ። እናቱ ከአያቱ ጋር ነው ብላለች። እማማ ደግሞ «እናንተ ጋ አይደለም እንዴ?» አሉን። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይዘነው የወጣነውን ልጅ አንዳችንም አልያዝነውም።

ፍለጋውን አልተርክላችሁም። ጉልበት ሲከዳ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ስናገኘው አንድ ሊስትሮ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ሊስትሮው ራሱ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የእኛን ልጅ እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «የማን ልጅ ነው? የማን ልጅ ነው?» ይላል። እኔ ደግሞ በማመስገን ፈንታ «ለምን ወደ ፖሊሶቹ አልወሰድከውም?» ብዬ ተቆጣሁት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ጋሼ፣ ይዤው ስሄድ ቢያለቅስ ልጅ ሌባ ነው ብለው ይገሉኛል» አለኝ።

አያችሁ? ያ ልጅ ያቺን ሳጥን ይዞ ባይቆም ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። ግን ስንቱ ትልቅ ሰው በዚያው ፍርሃት አይቶ እንዳላየ እንዳለፈ እገምታለሁ። እኔም አልፌ አውቃለሁ። የሰው ልጅ እጅ መያዝ የሚያስጠረጥር ነገር ከሆነ ቆየ። ባደግኩበት ሰፈር ማንኛዋም እናት የማንንም ልጅ ከመንገድ ጎትታ ታወጣ ነበር። (ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር ከሚሉት አይደለሁም፤ የጎረቤት ኩርኩምም የዚያው ዘመን ነው። ኩርኩሙ ይቅርብን፤ እጅ መያዙን ግን መልሱልን።)

ስለዚህ ሊስትሮው እንዳደረገው አድርጉ። በቦታችሁ ቆዩ። እናት መጀመሪያ ተመልሳ የምትፈልገው ልጇን የለቀቀችበትን ቦታ ነውና ይዛችሁት አትዙሩ። ብቻችሁንም አትሁኑ፤ አጠገባችሁ ያለውን ሰው፣ በተለይ የምትሸጥ እናት ካለች እሷን፣ «እስቲ አብረሽኝ ቁሚ» በሏት። ሁለት ሰው ቆሞ ሲጣራ ማንም ሌባ አይለውም። ዝቅ ብላችሁ አነጋግሩት። የእናቱን ስም ብትጠይቁት «እማዬ» ይላችኋል፤ ለእሱ ሌላ ስም የላትም። ቶሎ የመጣ ሰው ከሌለ ለፖሊስ በ991 ደውሉ።

«ልጄ ነው» ያለ ሁሉ ግን ወላጅ አይደለም። ስልኩ ላይ የልጁን ፎቶ ያሳያችሁ። ልጁንም እዩት፤ ሕፃን እናቱን ሲያይ ፊቱ ይናገራል።

አሁን ደግሞ እናንተ ወላጆች! ወደ ገበያ፣ ወደ ንግሥ፣ ወደ ሰርግ፣ ወደ ባዛር ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ በር ላይ ፎቶ አንሱት፤ የዛሬውን ልብስ እንደለበሰ። ከልብሱ ውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል፣ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ። ስሙን ከላይ አትጻፉ፤ ስሙን የሚጠራው ሁሉ ዘመድ ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ልጁ በማን እጅ እንዳለ በአፋችሁ ተናገሩ። «እኔ ዞር ልል ነው፤ ልጁ በእጅህ ነው» በሉ። መልሱንም ስሙ፦ «እሺ፣ እኔ ጋ ነው።» መልስ ካልሰማችሁ አትንቀሳቀሱ። የኛ ልጅ የጠፋው ሰው አንሶት አይደለም። ሰው በዝቶበት ነው።

እናንተ ማይክ የያዛችሁ! በበዓልም ይሁን በኮንሰርት፣ ልጅ ጠፋ ሲባል ሙዚቃውን ለአንድ ደቂቃ አቁሙ። የጠፋ ልጅ ከሆነ ልብሱን ተናገሩ። የተገኘ ልጅ ከሆነ ደግሞ መገኘቱንና ቦታውን ብቻ ተናገሩ፤ ምን እንደለበሰ ፈላጊው ራሱ ይንገራችሁ።

ሾፌሮች፣ ረዳቶች! የሁለት ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ከሚኒባስ ኋላ ተጠግቶ ከቆመ በመስታወት አይታያችሁም፤ ከአይሱዙ ፊት ከቆመም እንዲሁ። ረዳት፣ ወደ ኋላ ከማለታችሁ በፊት ውረድና ዞረህ እይ። «ና፣ ና፣ ና» የምትለው ካየህ በኋላ ይሁን። ግቢያችሁ ውስጥ የቤት መኪና የምታንቀሳቅሱም ልጁ ማን እጅ ላይ እንዳለ ሳታውቁ ሞተር አታስነሡ።

እጁን ያልያዝነው ልጅ የሚገባበት ክፍት ጉድጓድም አለ፤ አሁን ወደዚያ ልውሰዳችሁ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ከተማችን እየተቆፈረች ነው። ለሕንፃ መሠረት፣ ለቧንቧ፣ ለኬብል፣ ለፍሳሽ። የማንሆል ክዳኑ ብረት ስለሆነ ይሰረቅና አፉ ክፍት ይቀራል። በጋ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ይመስላል፤ ሁላችንም እንጠነቀቃለን። ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ይሞላውና መሬት ይመስላል። የተባበሩት መንግሥታት በውሃ መስጠምን ስለመከላከል እንዲታሰብበት የሰየመው ቀን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ይውላል፤ ያኔ እኛ ሰፈር ውሃ ያልሞላው ጉድጓድ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው።

ሕፃን ሲሰጥም ደግሞ አይጮኽም። ይህን ያዙልኝ። ሲንቦጫረቅ፣ ሲጣራ በፊልም ያየነው ትልቅ ሰው ነው። ድክ ድክ የሚል ልጅ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ይከብዳል፤ ጎንበስ ካለ በግንባሩ ይወድቃል፤ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ውሃ ይበቃዋል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃዋል። ክዳን የሌለው በርሜል ይበቃዋል። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቡና እስክትቆላ ድረስ ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል።

ስለ ጉድጓድ ስናወራ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «የማን ጉድጓድ ነው?» የኮንትራክተሩ ነው፣ የውሃና ፍሳሽ ነው፣ የቴሌ ነው፣ የወረዳው ነው። ባለቤቱ ይፈለግ፤ ይጠየቅም። ማመልከቻ ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ወረዳ ሄዳችሁ በር አንኳኩ፤ ነገም ተመለሱ። ግን ባለቤቱ እስኪገኝ ጉድጓዱ ክፍቱን አይደር! ዛሬ ማታ አይደር!

ዕድር ያላችሁ በዕድራችሁ ተነጋገሩበት። ድንኳንና ወንበር የሚገዛ ዕድር ሁለት ቆርቆሮ መግዛት አያቅተውም። ለቅሶ ላይ ከመሰብሰብ አስቀድሞ ጉድጓድ ላይ መሰብሰብ ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት እንውጣ። ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ፣ ጣውላ ያለው ጣውላ፣ መዶሻ ያለው መዶሻ፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። ከሰፈሩ ጫፍ ጀምረን በእያንዳንዱ ቅያስ እንለፍ። የተከፈተውን እንክደን፤ የማይከደነውን እንጠር፤ ቀይ ጨርቅ እንሰርበት። ልጆቻችንን የት እንተዋቸው ያላችሁ ይዛችኋቸው ኑ፤ ብቻ ከመነሣታችን በፊት ማን የማንን እጅ እንደያዘ ጮክ ብለን እንነጋገር።

ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ጋ።