የልጁ ዕድሜ የፈተናው አንደኛ ጥያቄ ነው

በእኛ ዲፓርትመንት ስለ አእምሮ ችሎታ ፈተና ወይም በተለምዶ «አይኪው» ስለሚባለው ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። «ፈተናው የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ ልጆች አይሆንም» የሚል ወገን አለ። «ጨርሶ ከሚጠፋ ይሻላል» የሚልም አለ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ከዚያ በፊት የሚመጣውን ነገር ነው። እሱም በፈተናው ወረቀት አናት ላይ ያለው «ዕድሜ» የሚለው ባዶ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን እንደ ስምና አድራሻ ቶሎ ሞልተን እናልፈዋለን። በእኔ አስተያየት ግን የፈተናው አንደኛ ጥያቄ እሱ ነው፤ መልስ የሚጠበቀውም ከልጁ ሳይሆን ከፈታኙ ነው።

እንደሚታወቀው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የመጀመሪያውን ፈተና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ በ1908 ጥያቄዎቹን በዕድሜ ደረጃ ከፋፈላቸው። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የአእምሮ ዕድሜን ለትክክለኛው ዕድሜ የማካፈልን ሐሳብ አመጣ። አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ደግሞ በ1916 በ100 እያባዛ ሥራ ላይ አዋለው። የስድስት ዓመት ልጅ የሚመልሰውን ያህል የመለሰ ልጅ ዕድሜው ስምንት ከሆነ ውጤቱ 75 ነው፤ ሰባት ከሆነ ግን 86 ይጠጋል። ልጁ ያው ልጅ፣ መልሱም ያው መልስ ነው!

ከዴቪድ ዌክስለር የ1939 ሥራ ወዲህ ማካፈሉ እየቀረ ልጁን በሰንጠረዥ ከእኩዮቹ ጋር ማነጻጸር ተለምዷል። የዕድሜ ነገር ግን በዚህ አልቀለለም፣ እንዲያውም ጠበቀ። በዌክስለር የልጆች ፈተና ሰንጠረዡ በየአራት ወሩ ይለወጣል። ዕድሜ የሚቆጠረውም በዓመት፣ በወርና በቀን ነው። ሰባት ዓመት ከ11 ወር ከ29 ቀን የሆነው ልጅ ያው ሰባት ዓመቱ ነው፤ «ስምንት በለው» አይባልም።

ደግሞ ዕድሜ የሚገባው በእርማት ላይ ብቻ አይደለም። ከየትኛው ጥያቄ እንደሚጀመር በብዙ ክፍሎች የሚወስነው ዕድሜ ነው። «ኮዲንግ» በሚባለው ክፍል ከ6 እስከ 7 ዓመት ላሉት የቅርጾች ቅጽ ይሰጣል፤ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉት ግን የቁጥሮች ቅጽ ነው። የተሳሳተ ስሌት ከሆነ በኋላ ቁጭ ብሎ ማረም ይቻላል። ልጁ የሌላ ዕድሜ ቅጽ ከተሰጠው ግን ያ ሰዓት አለፈ።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ አራዳ እንምጣ። በፒያሳ ዙሪያ አንዲትን እናት «ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ብንላት «ሰባት ሞልቶት ስምንትን ይዟል» ትለናለች። ለኑሮ በቂ መልስ ነው፣ ለፈተና ግን አይበቃም። የትምህርት ቤቱን መዝገብ እንይ ካልን ደግሞ አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት ስለሆነ፣ ልጄ ወደኋላ እንዳይቀር ብሎ ዓመት ጨምሮ የሚያስመዘግብ ወላጅ ሞልቷል። ለልምምድ በሄድኩበት አንድ ትምህርት ቤት መዝገቡ ላይ የትውልድ ዓመት እንጂ ወርና ቀን አልነበረም። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነገግም በአገር ደረጃ ሥራው የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ቀኑ ቢገኝም የዘመን አቆጣጠሩ ሌላ ወጥመድ ነው። ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች ኅዳር 2017 ነው የተወለደው። ፈታኙ በልማድ 8 ደምሮ 2018 ካለ ልጁን አንድ ዓመት አሳነሰው ማለት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነውና። በራሳችን አቆጣጠር እንሥራ ካልንም ጳጉሜን አለች። ሚያዝያ 10 ቀን 2010 የተወለደች ልጅ መጋቢት 15 ቀን 2018 ብትፈተን ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ከ11 ወር ነው። ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር የቆጠረ ግን ስምንት ዓመት ያደርጋትና የትልልቆቹን ቅጽ ይሰጣታል።

«ሰንጠረዡ ራሱ የአሜሪካ ልጆች አይደለም እንዴ? ስለ ወር ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ የምለው፣ ሚዛኑ የተዋስነው ነው ተብሎ በድንጋዩ እንደልብ አይቀለድም። እንዲያውም በስህተት ላይ ስህተት እንዳንጨምር የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን እኛ ነን።

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የክትባት ካርድ ብዙ እናቶች ያስቀምጣሉ። አራዳ ጊዮርጊስ ክርስትና የተነሳ ልጅ የክርስትና ካርድ ሊኖረው ይችላል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ወደኋላ መቁጠር ነው። «በቀኑ ነው ወይስ ዘግይቶ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። ወረቀት ከሌለ በታወቀ ነገር ማስታወስ ይቻላል። «ኮሮና ገባ ሲባል ስንት ወሩ ነበር?» ብንል የመጀመሪያው ታማሚ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። «ረመዳን ላይ ነው የወለድኩት» ያለችን እናት ግን የየትኛው ዓመት ረመዳን እንደሆነ መጠየቅ አለባት፣ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣልና። በተለይ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ ቤተሰቦች ወረቀታቸው በየትኛው ሻንጣ እንዳለ ለመፈለግ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ጊዜውን እንስጣቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ወሩ ካልታወቀስ? በሁለቱም ዕድሜ አስልቶ ሁለቱንም ውጤት መጻፍ ነው። በመካከላቸው «ዘገምተኛ» የሚያሰኘው መስመር ካለ ደግሞ ስያሜውን መተው ነው። ትምህርት ቤት ለማስገባት ዓመት የተጨመረለት ልጅ በዚያው ዓመት ምክንያት ውጤቱ ዝቅ ብሎ ልዩ ክፍል ሊገባ ይችላል። ዕድሜው ያነሰለት ደግሞ ደህና መስሎ ታይቶ የሚገባው እርዳታ ሊቀርበት ይችላል። ሁለቱም ልጆች አቤት ማለት አይችሉም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በልምምድ ቅጻችን ላይ ከ«ዕድሜ» ሥር ሁለት መስመር ይጨመር፤ «ማስረጃው ምንድን ነው?» እና «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚሉ። ሁለቱ ባዶ ከሆኑ ፈተናው አይጀመር።